ሁሉም የፈረመበት ንድፍ

ጥቅምት 9

ወንድም ጋሼ፣

«ሰላም ነህ ወይ» ብዬ ብጀምር «ሰላም ብሆን ገደል ውስጥ ምን እሠራለሁ» እንደምትለኝ ስለማውቅ ሰላምታውን ከእማዬ ተቀበል። አጠገቤ ቁጭ ብላ «ጉንጩን ሳሚልኝ» እያለች ነው። በወረቀት እንዴት እንደሚሳም ግን አልነገረችኝም። ይቅርታ ደግሞ ከእኔ ተቀበል። እዚያ ስልክ እንደማይሠራ፣ የሲሚንቶ መኪናው በየሳምንቱ ወደ እናንተ እንደሚወርድ እያወቅሁ ይህን ያህል መጥፋቴ ከንቀት አይደለም። ተሹሜ ነው!

አዎ፣ እኔ፣ ሚጣ! መንገድ ብቻ የሚለያያቸው ላይኛውና ታችኛው ሆስፒታል አንድ ሊሆኑ ነው፤ የአዲሱን ሆስፒታል አጠቃላይ ንድፍ እንዳወጣ እኔን መረጡኝ። የራሴ ቢሮ፣ ሁለት ረዳቶችና የሚሽከረከር ወንበር አለኝ። ወንበሩ አንዴ ጥሎኛል።

«ግድግዳ ነው የምትነድፊው ወይስ ኮምፒውተር የምትጠግኚው?» ብለህ ሳትጠይቀኝ አትቀርም፤ መልሱ ሁለቱም አይደለም ነው። አንድ በሽተኛ በበሩ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ ካርዱ፣ ምርመራው፣ መድኃኒቱና ሂሳቡ በየት በየት እንደሚያልፉ፣ የትኛው ክፍል ለየትኛው ምን እንደሚነግር፣ የትኛው ኮምፒውተር ከየትኛው ጋር እንደሚነጋገር፣ ይህን ሁሉ ነው የምነድፈው። አሁን ሁለቱ ሆስፒታሎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በተላላኪ ነው። ተላላኪው ምሳ ከወጣ ጤናችን ምሳ ወጣ ማለት ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁም። ቦርዱ የሚሰበሰበው ጥር መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ሁሉም ክፍሎች የተቀበሉት ንድፍ ካላቀረብኩ ተሠርቶ ያለቀ የኮምፒውተር ሥርዓት ከውጭ ይገዛል፣ የእኔም ቢሮ ይዘጋል። «የራሳችንን ቤት ራሳችን እንንደፍ» ብዬ አፌን ሞልቼ የተከራከርኩት እኔ ነኝ፤ ካልሆነ በየት በኩል እንደምወጣ አላውቅም።

ትናንት ባለድርሻ አካላትን በሙሉ ሰብስቤ አንድ ትልቅ ንድፍ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩላቸው። ወይ ጉድ! ሂሳብ ሹሙ፣ «አባ ደረሰኝ» ነው የምንላቸው፣ «ገንዘብ የሚከፈልበት መስኮት የታለ?» ብለው ጀመሩ። የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር «እኔ የማየው ሽቦ ነው፣ ሰው የለበትም» አለች። የካርድ ክፍሏ እትዬ መነጽራቸውን ሁለቴ ጠርገው «ይሄ የሠፈር ካርታ ነው?» አሉ። ፋርማሲስቱ ተኛ። ስብሰባው የተበተነው ሻይ ደርሷል በተባለ ጊዜ ነው፤ ሁሉም የተስማሙት በእሱ ብቻ ነው።

አንተ እዚያ ያን ሁሉ ባለሙያ እንዴት ነው የምታስማማው? ቶሎ ጻፍልኝ።

ሚጣህ


ኅዳር 2

ሚጣዬ፣

እንኳን ደስ ያለሽ! ደብዳቤሽን ድንጋይ ላይ ቆሜ ለሠራተኞቹ ሁሉ አነበብኩላቸው። ፌሮ ሠራተኛው «ወንበሩ የጣላትን ድገመው» ብሎ አስደገመኝ።

እማዬ በሹፌሩ አፍ ለላከችው ምርመራ መልስ፦ አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ወፍራሙን ሹራብ እለብሳለሁ። አይ፣ ጢሜን አልተላጨሁም። «መቼ ነው የምትመጣው?» ለሚለው አሁን መልስ የለኝም፤ የዘገየሁት በሥራ ብቻ ነው ብላችሁ እመኑኝ።

ወደ ሹመትሽ ልምጣ። መጀመሪያ «ባለድርሻ አካላት» የሚለውን ተዪው። ሰውን አካል ብለሽ ጠርተሽ ነፍስ ያለው መልስ ከየት ይመጣል? ሁለተኛ፣ ጥፋትሽ ለሁሉም አንድ ወረቀት መስጠትሽ ነው። እኔ እዚህ የኃይል ማመንጫውን ሕንፃ ሳሠራ ለኤሌክትሪሻኑ የፌሮውን ንድፍ ብሰጠው ዳቦ ይጠቀልልበታል። ኤሌክትሪሻኑ የራሱ ወረቀት አለው፤ ቧንቧ ሠራተኛው የራሱ፣ ፌሮ ሠራተኛው የራሱ። ሕንፃው ያው አንድ ሕንፃ ነው፤ እያንዳንዱ ግን ከወረቀቱ ላይ የሚያየው እሱን የሚያስጨንቀውን ነገር ነው።

ስለዚህ ለየብቻ ሂጂባቸው። ስትሄጂም «ምን ትፈልጋለህ?» አትበዪ። ይህን የጠየቅሽው ሰው ሁሉ አዲስ ኮምፒውተር ነው የሚልሽ። «ምን ያስፈራሃል?» በዪው። ያን ጊዜ ሆዱን ያወጣልሻል፤ አንቺም የወጣውን ይዘሽ በእሱ ቋንቋ የእሱን ወረቀት ትሥዪለታለሽ። ሥዕሉን አይቶ «አዎ፣ ሥራዬ ይሄ ነው» ካለ ታስፈርሚዋለሽ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ዋናው ነገር ነው፤ እሱ ምን መሰለሽ፣ ወረቀቶቹ ሁሉ ሲያልቁ... ኧረ ሹፌሩ ጡሩንባውን ለቀቀው! ሲሚንቶውን አራግፎ ጨርሷል። አዲሷ ቀያሻችን «ፖስታውን አምጣ፣ ሮጬ ላድርስልህ» ብላ እጇን ዘርግታ ቆማለች። እግሯ ፈጣን ነው። የቀረውን በሌላ ጊዜ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 1

ወንድም ጋሼ ሆይ፣

ሺህ ዓመት ኑርልኝ! አፍህ ማር ይግባበት! ሠራ! ሁሉም ሠራ!

እንዳልከኝ አንድ በአንድ ገባሁባቸው። ሲስተርን ዎርዷ ውስጥ ከአልጋ አልጋ እየተከተልኩ «ምን ያስፈራሻል?» አልኳት። መርፌዋን ይዛ ቆመችና «እስከ ዛሬ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም» አለችኝ። የእሷ ወረቀት ከአልጋ ይጀምራል፤ በሽተኛው መሃል ተኝቷል፣ ሌላው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። የእትዬን ወረቀት የሣልኩት እዚያው ካርድ ክፍላቸው ውስጥ፣ በመደርደሪያዎቹ መሃል ነው። የእሳቸው ከመስኮቱ ይጀምራል፤ ስም፣ ከስም ካርድ፣ ከካርድ ሌላው። ፋርማሲስቱ ሲጠየቅ እንደማይተኛ አየሁ፤ የእሱ ከመድኃኒት መደርደሪያው ተነሥቶ መድኃኒቱን የሚውጠው ሰው ዘንድ ያልቃል።

አባ ደረሰኝን መጨረሻ ላይ አስቀረኋቸው። በጠዋት ገብቼ «ምን ያስፈራዎታል?» ብላቸው በሩን ዘጉና ሲናገሩ ዋሉ። ወረቀታቸውን ስወስድላቸው ረጅም ሰዓት አዩት። ከዚያ ሣቁ! ጸሐፊያቸው ምን ሆኑ ብላ በሩን ከፈተች። በገዛ እስክሪብቷቸው ፈረሙልኝ።

አራቱም ፈርመዋል፣ ወንድም ጋሼ! ባለፈው ሊበሉኝ የነበሩት ሰዎች ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ መንገድ ይለቁልኛል። ዳይሬክተሯ ወረቀቶቹን በሚያምር ጥራዝ አስጠርዘው ሽፋኑ ላይ «ሁሉም ክፍሎች የፈረሙበት» ብለው አስጻፉበት፤ በቀጥታም ለቦርዱ ላኩት። «እንዲህ ያለ ስምምነት በዚህ ቤት አላየሁም» አሉኝ። እኔማ ደረጃውን እየዘለልኩ ነው የምወርደው፤ ረዳቶቼ አብዳለች ብለው ወስነዋል።

እማዬ ጉልበቷ ተሽሏታል፤ ሲብስባት ግን አትናገርም፤ በአካሄዷ ነው የምናውቀው። ሌላም ነገር አለ። ደብዳቤህን ሳነብላት ቀያሿ ያለችበትን ዘልዬ ነበር። እማዬ ዓይኗን ሳትገልጥ «የዘለልሽውን አንብቢ» አለችኝ። አነበብኩላት። «እግሯ ፈጣን ነው» የሚለው ላይ ስንደርስ «የሲሚንቶ መኪና ለመሸኘት የሰው እግር ማየት ምን አመጣው?» አለች። እኔ ምንም አልልም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

በደስታ ያበደችው እህትህ


ታኅሣሥ 16

ሚጣዬ፣

አኮራሽኝ። አባ ደረሰኝ የሣቁበትን ስናነብ እዚህ ያልሣቀ የለም። እንደ አባታችን ነሽ፤ እሱም በር የተዘጋበት ቤት አይወድም ነበር።

እኛ ምድር ቤቱን ሞልተናል። ተርባይኑ የሚቀመጥበት ወለል ላይ ትናንት አርማታው ፈሰሰ፤ ቀያሿ ልኬቱን ሦስቴ አስደገመችንና ልክ ሆኖ ተገኘ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብላት ቀላች። ስለ እሷ ለጠየቃችሁት ጥሩ ባለሙያ ናት። ሌላ ምን ልበል? ጥሩ ባለሙያ ናት አልኩ።

ይልቅ ያንቺን ወሬ ጨርሺልኝ፤ ዋናውን ዘለልሽው። ወረቀቶቹን መስታወቱ ላይ ስታነባብሪያቸው ምን ከምን ተጋጨ? እኛ ዘንድ መጀመሪያ የተገኘው የፍሳሽ ቧንቧው ትልቁን ምሰሶ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ሲያልፍ ነው። ሁለቱም ወረቀት የተፈረመበት ነበር! እስካሁን «ያ ቧንቧ» እያልን እንሥቃለን። ያንቺንም ጻፊልኝ፣ ለሠራተኞቹ አነብላቸዋለሁ።

ጢሜን ተላጭቻለሁ፤ ለእማዬ ንገሪያት።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 24

ወንድም ጋሼ፣

የምን መስታወት?

ደብዳቤህን አንብቤ መጀመሪያ የምታወራው አልገባኝም። ከዚያ ሲገባኝ ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። አራቱን ንድፍ በስስ ወረቀት አሳትሜ፣ እያንዳንዱን በየቀለሙ፣ ፀሐይ በሚገባበት በቢሮዬ መስኮት ላይ አንዱን ባንዱ ላይ አድርጌ ለጠፍኳቸው። ረዳቶቼን ውጡ አልኳቸው።

ለሙከራ በሽተኛ በጣቴ አስገባሁ። ስም ያለው፣ መታወቂያ የያዘ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው። ደህና አለፈ። ከዚያ መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘ፣ ራሱን የሳተ፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው አስገባሁ። በሲስተር ወረቀት ሰውየው አልጋ ላይ ተኝቷል። በእትዬ ወረቀት ካርድ የሌለው አልጋ አይሰጠውም፣ ስም የሌለው ደግሞ ካርድ አይወጣለትም፤ ስለዚህ ሰውየው ገና መስኮቱ ሥር ነው። በፋርማሲስቱ ወረቀት በስም የተጻፈ ማዘዣ ስለሌለ መድኃኒቱ ከመደርደሪያው አልወረደም። በአባ ደረሰኝ ወረቀት ደግሞ ምንም ስላልከፈለ ሰውየው ጭራሽ አልመጣም።

አንዱንም ከራሴ አልፈጠርኩትም። እያንዳንዱ የነገረኝን ነው የሣልኩት፤ ሥዬም «በጣም ጥሩ» እየተባልኩ አስፈረምኩ። አራት ሰዎች አራት የተለያዩ ሆስፒታሎችን ፈርመውልኛል፤ እኔም ተስማሙ ብዬ ደረጃ ላይ ስዘል ከረምኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ዝም ብል ቦርዱ ያጸድቀዋል፤ ቢሮዬም አይዘጋም። ከተናገርኩ ፊርማዎቹ ይፈርሳሉ፣ እኔም አብሬ። ግን ያ ሰውዬ አንድ ቀን በእውነት ይመጣል። የካርድ መስኮቱ ሥር ሲተኛ ይታየኛል።

ምን ላድርግ? መስታወቱ ላይ ከተገኘ በኋላ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ሚ.


ጥር 2

ሚጣዬ፣ እኅት ዓለሜ፣

ጥፋቱ የእኔ ነው። የዚያ ቀን ሹፌሩ ጡሩንባ ሲነፋ ልነግርሽ አፌ ላይ የነበረው ይኸው ነበር። በሚቀጥለው ደግሞ ሳልጽፈው ቀረሁ፤ ለምን ብትይ ለእኔ እንደ መተንፈስ ስለሆነ ነው። ከሥሩ መብራት ያለው የመስታወት ጠረጴዛ በየሳይቱ አለ፤ ሳይነባበር የሚሠራ ንድፍ አይቼ አላውቅም። ተንፍሺ ብሎ የሚጽፍ ሰው የለም ብዬ ነው። ይቅር በይኝ።

አሁን ግን እንባሽን ጥረጊና ስሚኝ፤ እኔ እዚህ ደስ ብሎኝ መቀመጥ አቅቶኛል! ምሰሶውና ቧንቧው የተገናኙበትን ቦታ አግኝተሻል እኮ! ሥራው አሁን ተጀመረ። ያ ሰውዬ ወረቀት ላይ ተገኘልሽ እንጂ በር ላይ አልተገኘም። እዚህ ቧንቧውን አርማታ ከፈሰሰ በኋላ አግኝተነው ቢሆን ኖሮ ድማሚት ነበር የሚያስፈልገን።

እኛ የምናደርገው ይህን ነው። ሁሉንም ወደ መስታወቱ እንጠራለን። ደንቡ አንድ ነው፦ ማንም የራሱን ወረቀት አያስረዳም። የሌላውን ይወስድና «እኔ እሱን ብሆን የምፈራው ይህን ነው» ብሎ ይጀምራል። የወረቀቱ ባለቤት «አዎ፣ የምፈራው ይህን ነው» እስኪል ድረስ ተራው አያልፍም። ኤሌክትሪሻኑ የፍሳሽ ቧንቧ ወደ ላይ እንደማይፈስ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል፤ ካወቀ በኋላ ግን ገመዱን ራሱ አዛወረ። ያልተስማሙበት ከተረፈ በቀይ ይጻፋል እንጂ አይሸፈንም።

ዳይሬክተሯ ዘንድ ሂጂ። ከእኔ የሚጠበቅ ደብዳቤ ካለ እጽፋለሁ፤ ገደል ውስጥ ያለ ሰው ደብዳቤ ምን እንደሚረዳ ባላውቅም።

«አሁንስ የምትደብቀኝ ነገር አለ?» ብትይኝ ደግሞ፣ አለ። ቀያሿን ጠይቄያት እሺ ብላኛለች። እሺ ይበልጣል ከሺህ የሚለው ለትዳር ይሠራል፤ ለንድፍ እንደማይሠራ አንቺም አይተሻል። ለእማዬ ራሴ መጥቼ ነው የምነግራት፤ ይህን እንዳታነቢላት። ይህን ደብዳቤ እስከ መኪናው ሮጣ የምታደርሰው እሷው ናት፤ ማንበብ ግን አልፈቀድኩላትም።

ወንድምሽ


ጥር 14

ወንድም ጋሼ፣

እልልልል! ይህን የምጽፈው ሽንት ቤት ገብቼ እልል ካልኩ በኋላ ነው። እማዬን በተመለከተ ምንም አላነበብኩላትም፤ እሷ ግን ደብዳቤውን ለራሴ ሳነብ ፊቴን አይታ «መቼ ነው ሠርጉ?» አለችኝ። ለቀያሿ ንገራት፦ እህትህ እንደምትወዳት፣ ጢምህንም በማስላጨቷ ቤተሰቡ በሙሉ እንደሚያመሰግናት።

እንዳልከኝ ሄጄ ተናገርኩ። ዳይሬክተሯ ሰምተው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ሁሉም ደስ ብሎት የፈረመውን አንቺ ለምን ታፈርሻለሽ?» አሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኳቸው። «ቦርዱ ፊት ያለ ፊርማ ብትቆሚ ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ?» አሉ። አውቃለሁ አልኩ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰጡኝ፣ ጥራዙንም ከቦርዱ ጽሕፈት ቤት አስመለሱልኝ፤ ራሳቸውም መጥተው ከኋላ ተቀመጡ።

ወረቀቶቹን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ያን ሰውዬ በጣቴ አስገባሁላቸው። ቀጥሎ የተነሣውን ጩኸት አልጽፍልህም፤ እማዬ ብትሰማው ያሳፍራል። ሲስተር «አንተ ሰው ገዳይ!» ያለችው ለፋርማሲስቱ ነው፤ በማግሥቱ ይቅርታ ጠይቃዋለች። ጩኸቱ ሲደክም ደንብህን ነገርኳቸውና ወረቀቶቹን አቀያየርኩ።

አባ ደረሰኝ የሲስተርን ወሰዱ። «እኔ ነርስ ብሆን የምፈራው ሥራ እንዳይበዛብኝ ነው» አሉ። «አይደለም» አለች። «አለቃ እንዳይቆጣኝ ነው።» «አይደለም።» ወረቀቱን አዩት፣ አልጋውን አዩት፣ ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ደረሰኝ እስኪመጣ ስጠብቅ... እጄ ላይ እንዳይሞት ነው።» ሲስተር ራሷን ብቻ ነቀነቀች። «አፍ አውጥተሽ ተናገሪ፣ ደንቡ ነው» አልኳት። «አዎ፣ የምፈራው ይህን ነው» አለች።

ሲስተር ደግሞ የእትዬን ወረቀት ይዛ «ካርድ ክፍል ብሆን የምፈራው ሕግ እንዳይጣስ ነው» ብላ በምፀት ጀመረች። «አይደለም» አሉ እትዬ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ሲስተር ራሷ ደረሰችበት፦ «የአንዱ ደም ለሌላው እንዳይሰጥ ነው።» እትዬ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ለካስ በአንድ ወቅት ስማቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ሰዎች ካርድ ተደባልቆ ነበር። «ስም ስም የምለው ለዚህ ነው፤ ክፉ ሆኜ መሰላችሁ?» አሉ። ሲስተር ተነሥታ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ እኔ የተናገርኩት ትንሽ ነው። እንዲህ ይሁን ተባባሉ፦ ስሙ ያልታወቀ ሰው ሲመጣ እዚያው አልጋው ላይ ቁጥር ያለው ቢጫ አምባር እጁ ላይ ይታሰርለታል፤ ካርዱ በዚያ ቁጥር ይከፈታል፤ ካርድ ክፍልም በሽተኛውን ወደ መስኮቱ ከመጥራት ይልቅ ራሱ ወደ አልጋው ይወርዳል። ስሙ ሲገኝ እትዬ በእጃቸው ያገናኙታል። ሂሳቡ እስከዚያ በቁጥሩ ላይ ይቆያል። ሐሳቡን መጀመሪያ ማን እንዳመጣው አሁን አይታወቅም፤ ሁሉም «እኔ ነኝ» ይላል። ፋርማሲስቱ ብቻ ከባድ የሕመም ማስታገሻዎችን በቁጥር ብቻ አልሰጥም ብሎ ቀረ። እሱም ምክንያት አለው፤ ተጠያቂው እሱ ነው። በቀይ «አልተስማማንም» ብለን ጻፍንበት።

ስንጨርስ አባ ደረሰኝ ጥራዙን አምጪ አሉኝ። ፊርማቸውን በአንድ መስመር ሰረዙት። ሦስቱም ተከተሏቸው። እንግዲህ ቦርዱ ፊት የምቆመው አራት የተሰረዘ ፊርማና አንድ ቀይ ጽሑፍ ይዤ ነው። ፈርቻለሁ። እንዲህ የሚያስደስት ፍርሃት ግን ፈርቼ አላውቅም። ጸልይልኝ፤ ቀያሿም ትጸልይ።

ሚጣ


ጥር 29

ወንድም ጋሼ፣

ስለቸኮልኩ ጽሕፈቴን ይቅር በለው። የተደበላለቀ ይመስለኛል፤ ግን እስከ ነገ አልጠብቅም፣ መኪናው ዛሬ ይወርዳል።

የቦርዱ አዳራሽ ትልልቅ መስኮቶች አሉት። ከማንም በፊት ገብቼ ወረቀቶቹን ፀሐዩ ላይ ለጠፍኳቸው፤ አራቱም የክፍል ኃላፊዎች ተጠርተው መጡ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው፤ ገብተው ጥራዙን ከፈቱና «ሁሉም ክፍሎች የፈረሙበት» የሚለውን ጮክ ብለው አነበቡ። ገልጠው የተሰረዘውን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ምንድን ነው? ተጣልታችሁ ነው?» አሉ። የሚገዛውን ሥርዓት የሚደግፉት አባል «እንግዲህ የራሳችን ንድፍ ይኸው ነው» ብለው ፈገግ አሉ። ያን ሰውዬ በጣቴ በመስኮቱ ላይ አስገባሁት፤ መጀመሪያ የት የት እንደጠፋ አሳየሁ፣ ቀጥሎም አሁን የት እንደሚተኛ። ቀዩንም አሳየሁ።

የግዢው ደጋፊ «ቢጫ አምባር ገንዘብ ያባክናል፣ ስሙ እስኪጣራ ይጠብቅ» አሉ። አንድ ሰው ጠረጴዛውን መታ። «ይጠብቅ ማለት ይሙት ማለት ነው! አልጋው ላይ ሳይወጣ ስለ ገንዘብ አንነጋገርም!» ሰብሳቢው ዞር ብለው «ይቅርታ፣ እርስዎ ሐኪም ነዎት?» አሉ።

«ሂሳብ ሹም ነኝ» አሉ አባ ደረሰኝ።

የግዢው ደጋፊ ቀጠሉና «ታዲያ ያለ ቁጥርና ያለ ካርድ ዝም ብሎ ይታከም፣ ካርዱ ምን ያደርጋል?» አሉ። ሲስተር ተነሣች። ካርድ ከሌለ የማን ደም ለማን እንደሚሰጥ ማን ያውቃል ብላ እስኪበቃቸው ነገረቻቸው። ሰብሳቢው «እርስዎስ ከካርድ ክፍል ነዎት?» አሉ። «ነርስ ነኝ» ስትል አዳራሹ ሣቀ፤ እትዬ ግን አልሣቁም፤ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ሣቁ ሲበርድ ሰብሳቢው ወደ ግዢው ደጋፊ ዞሩ። «ልንገዛው ባሰብነው ሥርዓት ውስጥ ይህ ሰውዬ የት ነው የሚተኛው?» አሉ። እሳቸው ሰነዱን ገለጡ። ደግመው ገለጡ። «አልተጠቀሰም» አሉ።

ጸደቀ፣ ወንድም ጋሼ! ከድንገተኛ ክፍል በር እንድንጀምር ተወሰነ። ቀዩን ከፋርማሲስቱ ጋር ፈትተን በሚቀጥለው ስብሰባ እናቀርባለን። ቢሮዬ አይዘጋም። ዳይሬክተሯ ኮሪደር ላይ አቀፉኝና ወዲያው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ከዚያ የሚፈረምበት ሰዓት ደረሰ። አራቱን ወረቀት ከመስኮቱ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። አባ ደረሰኝ መጡና እስክሪብቷቸውን አወጡ። የሂሳቡን ወረቀት ፊታቸው አደረግሁላቸው፤ የት ጋ እንደሚፈርሙም በጣቴ አሳየኋቸው። እሳቸው ወረቀቱን ቀስ ብለው ወደ ጎን ገፉት። እጃቸውን ዘርግተው የሲስተርን ወረቀት ሳቡ፤ አልጋው ጋ፣ ስም የሌለው ሰውዬ የተኛበት ጋ፣ ጎንበስ ብለው ፈረሙ።

እህትህ